ከቅፍለት ዱካ እስከ ብስክሌት ጎማ፦ የመተማ መንገድና የዕጣን ጫካው

የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ መጋዘን ግንባታና ስለ ትርፍ ክፍፍል በስፋት ይጻፋል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሰሊጡም ሆነ ጥጡ፣ ማዳበሪያውም ሆነ ምርጥ ዘሩ የሚመላለሰው በመንገድ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ከጎንደር ተነሥቶ የጭልጋን ተዳፋት በመውረድ መተማ የሚደርሰውን ዋና መንገድና ከእርሱ እየተገነጠሉ በጫካው ውስጥ ወደ ቀበሌዎቻችን የሚገቡትን የጠጠር መንገዶች ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ መተማ ዮሐንስ ግን ከ800 ሜትር በታች ናት። መንገደኛው አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን፣ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን እያለፈ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ይወርዳል። ነጋዴ ባሕር የሚለው ስም ራሱ የጥንቱን ቅፍለት ያስታውሰናል። ከሱዳን በኩል ግመል፣ ከደጋው በኩል በቅሎና አህያ እየተጫነ ቡና፣ ማርና ሰም ይወርድ ነበር። የሚያሳዝነው ሰውም እንደ ዕቃ በዚሁ መንገድ እየተነዳ መሸጡ ነው። ክረምት ሲገባ መረሬው አፈርና የወባ ንዳድ መንገዱን ይዘጉት ነበር።

በዚህ አቅጣጫ የተጓዙ የውጭ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱን ቀዳማዊን ለማከም በስናር በኩል አድርጎ በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በታኅሣሥ 1771 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በምዕራቡ ቆላ በኩል ወደ ስናር ተጉዟል። በ1862 እ.ኤ.አ. መተማን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ገበያውን የያዙት ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሮች እንደነበሩ ጽፏል። እነዚህ ሰዎች በሁለት መንግሥታት መካከል ስለነበሩ ለግብፅም ለአፄ ቴዎድሮስም ይገብሩ ነበር።

መንገዱ ያመጣው ንግድን ብቻ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች በዚሁ በኩል ዘልቀው ጎንደርን አቃጠሉ። በማግሥቱ ዓመት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦራቸውን ይዘው ወደ መተማ ወረዱ፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያም ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ። መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም የዚህ መታሰቢያ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት መተማ በኢትዮጵያ፣ ገላባት በሱዳን ሆነው ቀሩ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በቅፍለቱ ዱካ ላይ ወታደራዊ መኪና ይመላለስ ጀመር። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የሕንድ ጦር ገላባትን አጠቃ። ጣሊያኖች በጥር ወር መጨረሻ መተማን ለቀው ወደ ጎንደር ሲሸሹ መንገዱን በፈንጂ አጥረውት ነበር። ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት ሕንዳዊ የመሐንዲስ መኮንን በ4 ቀናት ውስጥ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየፈተሸ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አጽድቶ የእንግሊዝን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ተሸልሟል። ዛሬ ሰሊጥ ጭነን በምናልፍበት መንገድ ላይ የሆነ ነገር መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ጎማና ፍሬን የሚሉትን ቃላት የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። ወራሪው ሲወጣ ብስክሌቱ ግን ቀረ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። በአሁኑ ጊዜ በውጭው ዓለም በተለይ በጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኖ በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በጣሊያን ተካሂዷል። ሰዎቹ አስፋልት ጠፍቶባቸው ሳይሆን ኮረብታና ጫካ ፍለጋ ነው የሚወጡት። እኛ ዘንድ ግን የጠጠር መንገድ ብስክሌት የሥራ መሣሪያ ነው።

እኔም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንደመሆኔ በበጋ ወራት ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የምንቀሳቀሰው በብስክሌት ነው። የግራር እሾህ ጎማ ስለሚበሳ መለጠፊያና መንፊያ ሳልይዝ አልወጣም። በመኪና የሚያልፍ ሰው አቧራ ብቻ ያያል። ብስክሌተኛ ግን ጠጠሩ የት እንደታጠበ፣ ቱቦው የት እንደተደፈነ፣ የመንገዱ ጠርዝ የት እንደተበላ ጉልበቱ ይነግረዋል። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ከመንገዱ በላይ ያለው ተዳፋት በዛፍ የተሸፈነ ከሆነ መንገዱ ክረምቱን ችሎ እንደሚወጣ፣ ተዳፋቱ ከተመነጠረ ግን እንደሚቦረቦር ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀበሌ ከመንገዱ በላይ የነበረው የዕጣን ጫካ ለሰሊጥ እርሻ ተመነጠረ። በሁለት ክረምት ውስጥ የውኃ መውረጃው ቦይ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። በጥቅምት ወር ምርት ለመጫን የመጣው መኪና ከቦረቦሩ ማዶ ቆመ። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን እንደማይሰጥ፣ ፍሬው እንደሚረግፍ ሁላችንም እናውቃለን። ገሚሱ አባል ኩንታሉን በአህያ አሻገረ፤ ገንዘብ የቸገረው ግን ባለበት ለደላላ ሸጠ። ያን ዕለት አባሉ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊያገኝ የሚገባው ዋጋ በቦረቦሩ ውስጥ ቀረ ማለት ይቻላል።

የዕጣን ዛፉ ጉዳይም ራሱን የቻለ ሥጋት ነው። በበጋ ልጡ በስለት እየተፋቀ ዕጣኑ የሚለቀመው ይህ ዛፍ ለብዙ አባወራዎች የገቢ ምንጭ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ተካሂዶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚያመለክተው ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህም በዋናነት የተጠቀሱት እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ዛፉን የሚቦረቡር ጢንዚዛ ናቸው። ችግኙ ይበቅላል፤ ዛፍ ለመሆን ግን አይበቃም።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ የማገናኘት ዓላማ ይዞ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም መንገድ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን በመተማ በኩል ገብተዋል። መንገዱ እንደ ጥንቱ ሁሉ ንግድንም መከራንም ያመላልሳል። ሰላም ሲሰፍን የሩቅ ብስክሌተኞችም በጭልጋ ተዳፋት ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ እናይ ይሆናል። ለዚህም ቢሆን በቅድሚያ ጫካው መኖር አለበት።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ላሳስብ። አንደኛ፣ ከመንገድ በላይ ያለ ተዳፋት እንዳይመነጠር እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በመተዳደሪያ ደንቡ ቢያካትት። ሁለተኛ፣ አባላት በየዓመቱ በግንቦት ወር ዝናቡ ሳይጠና ቦይና ቱቦ በደቦ ቢያጸዱ። ሦስተኛ፣ የወረዳ ኃላፊዎቻችን ጉልበቱን ከአባሉ ተቀብለው ቱቦውን፣ ድንጋዩንና የባለሙያ ድጋፉን ቢያሟሉ።

ዋናውን መንገድ ነጋዴ ጀመረው፤ ነገሥታት ዘመቱበት፤ ወራሪ ፈንጂ ቀበረበት። ወደ ደጃፋችን የሚገባውን የጠጠር መንገድና ከበላዩ ያለውን ዛፍ የሚጠብቅልን ግን ከራሳችን በቀር ማንም የለም።

መልካም የምሥረታ በዓል!