ከጅቡቲ እስከ ለገሃር፦ የባቡሩ መስመርና የማኅበራችን ሁለት ጉዞዎች

ይህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ ማኅበራችን የቤተሰብ ጉዞዎች አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ተጠይቀን ነበር። በመጀመሪያ ያሰብነው የሄድንባቸውን ከተሞች ከፎቶግራፍ ጋር ዘርዝረን ለማለፍ ነበር። ሥራውን ስንጀምር ግን የሁለቱ ጉዞዎቻችን ነገር ከምድር ባቡሩ ታሪክ ተለይቶ ሊነገር እንደማይችል ተረዳን። በጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን፣ ወይም አባቶቻችን፣ እዚህ የደረስነው በዚያ ሐዲድ ነውና። (ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መሥሪያውን ፈቃድ ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ሐረር ለማስገባት ነበር፤ ሆኖም ተራራውን መውጣቱ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት የተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ሆነ። ከተማዋ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል እንደነበር ከልጆቻችን ስንቶቹ ያውቁ ይሆን? ከዚያም ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ወደቀ፣ ሌላ ተተካ፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ያህል ለመዘርጋት 20 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን የአካሄዱ ሁኔታ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ በጠዋት የተነሣ መንገደኛ ማታ ድሬዳዋ ያድራል፤ በማግስቱ አዋሽ ያድራል፤ ለገሃር የሚወርደው በሦስተኛው ቀን ነው። አዋሽ ጣቢያ ያለው «ቡፌ ደ አዋሽ» ለዚሁ መንገደኛ ማረፊያ የተሠራ ነው። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ከድሬ በኋላ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት እያለ በየጣቢያው ይቆማል፤ ሰው ይወርዳል፣ ፍራፍሬ ይገዛል፣ ዘመድ ያገኛል፣ ወሬ ይለዋወጣል። ከባሕር ዳርቻ የተነሣው ሰውም 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ድሬዳዋ አንድ ሌሊት አርፎ፣ በአዋሽ ቆላ ሌላ ሌሊት አድሮ፣ ከዚያ በኋላ ነው 2,400 ሜትር ወደሚጠጋው ደጋ የሚወጣው። ይህን ለመንገደኛው ጤና ብሎ ያቀደው ማንም አልነበረም። ነገሩ በራሱ እንዲያ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ፈጣን ባቡሮች መጡ፣ የሌሊት ጉዞም ተለመደ፣ መንገዱም አጠረ። በጥር 1985 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ባለ ድልድይ ላይ፣ ኩርባውን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ። ወደ 400 የሚደርሱ ሰዎች አለቁ። በማኅበራችን ውስጥ በዚያ ቀን ዘመድ የተቀበረበት ቤተሰብ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው አሮጌው ባቡር ደክሞ፣ አዲሱ ገና በግንባታ ላይ ሳለ ነው። 34 ሰው በአንድ አውቶቡስ ጫንን። በ10 ቀን ድሬዳዋን፣ አዲስ አበባን፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን አይተን ልንመለስ ነበር። መርሐ ግብሩን ያወጣነው እኛው ነን፤ ስብሰባው ላይም በጭብጨባ ጸደቀ። ማንም እርሳስ አንሥቶ ኪሎ ሜትሩን አልደመረም።

ያኔ አስፋልት ባልነበረው የደወሌ መንገድ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ። በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ስንደርስ ከባሕር ጠለል ላይ ያደጉት ልጆቻችን ራሳቸውን ያማቸው፣ ያስመልሳቸው ጀመር። ጎንደር ፋሲል ግንብ የደረስነው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር፤ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው አዩት። አክሱምና ላሊበላ በወረቀት ላይ ቀሩ። እዚያው ጎንደር ላይ ተጨቃጭቀን ተመለስን።

ይህ ሁሉ ዛሬ ያስቀናል። የድሬዳዋው ነገር ግን አያስቅም። ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ከዚራ ይኖሩ ነበር። እዚህ ጅቡቲ የተወለዱትን ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን አይተዋቸው አያውቁም። በመርሐ ግብራችን ላይ ለእማማ ቤት አንድ ሰዓት መድበን ነበር፤ አውቶቡሱ በመዘግየቱ አንዱ ሰዓት 25 ደቂቃ ሆነ። ዶሮው ከዋዜማው ጀምሮ ተሠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጎረቤት ተጠርቷል። እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። እማማ ልጆቹን ሁለቱን ባንድ ላይ አቅፈው በር ድረስ ሸኙን፤ እንጀራው እንደተዘረጋ ነበር። በዓመቱ ዐረፉ። ልጃቸው በዚህ ጉዳይ ማናችንንም ወቅሶን አያውቅም፤ ለኛ ግን እሱ ነው የከበደን።

ሁለተኛውን ጉዞ ለማዘጋጀት ስንሰበሰብ አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ አባታችን የቀድሞውን የሦስት ቀን ጉዞ ያስታወሱን ያኔ ነው። የሚታየውን ቦታ ሳይሆን የሚታደርበትን ቦታ አስቀድመን እንድንወስን መከሩን። ሰው ቁጥሩ ከ12 እንዳይበልጥ ተስማማን፤ ይህም በአንድ ሚኒባስ የሚሄድ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጥ፣ አንድ ቤተሰብ ሳይጨነቅ ሊጋብዘው የሚችል ቁጥር ነው። ድሬዳዋ ሦስት ሌሊት፣ ሐረር ሁለት፣ አዋሽ አንድ፣ አዲስ አበባ ሦስት። ሌላ ምንም የለም።

ተቃውሞ አልጠፋም። አክሱምንና ላሊበላን ሳያዩ እንዴት ኢትዮጵያን አየን ይላሉ ያሉ አባላት ነበሩ። እኛም ሰሜኑ የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ዙር ይታያል ብለን መለስንላቸው። ከ2020 እስከ 2022 የነበረውን ጦርነትና ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተከሰተውን ግጭት ያኔ ማን አሰበ? እነዚያ ልጆች አድገው ከፊሎቹ አውሮፓ ገብተዋል፣ ላሊበላንም አላዩም። ስለዚህ የተቃወሙት ወገኖች ያሉት ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነበር ልንል አንችልም።

ጉዞውን ያደረግነው አዲሱ ባቡር በ2018 መደበኛ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው። አዲሱ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ቀድሞ ሦስት ቀን የወሰደውን መንገድ በአንድ ቀን ያደርሳል። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ውጭ ናቸው። እኛ ድሬዳዋ ላይ ወረድን። ባቡሩ እኛን ትቶ ወደ ሸዋ ሲነጉድ አዛውንቱ አባታችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩት።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ በመርሐ ግብሩ ላይ ባዶ ነበር። የእማማ ልጅ ልጆቹን ይዞ ወደ እናቱ መቃብር፣ ከዚያም እኅቱ ወደምትኖርበት ወደዚያው ቤት ሄደ። የተቀረነው የተጠራነው በማግስቱ ነው፤ ከምሳ እስከ ምሽት ተቀመጥን። ሦስት ዙር ቡና፣ አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ሳይቋረጥ ተጠጣ። ልጆቹ ከአክስታቸው ልጆች ጋር ደቻቱ ድረስ ሄደው አቧራ ለብሰው መጡ።

አሮጌውን ጣቢያና የጥገና ጋራዡን በማግስቱ ጠዋት አየን። አባታችን በየመሣሪያው አጠገብ እየቆሙ ስሙን በፈረንሳይኛ ሲጠሩ፣ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆቻችን ናቸው ያስተረጎሙልን። ብዙ ነገር ያየነው በዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ሐረር መንገዱ አጭር ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ነገር ግን በደንገጎ በኩል ሽቅብ ስለሆነ ቀስ ብለን ወጣን። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ የልጆቹ ሰውነት ደጋውን የተለማመደው እዚያ ነው። ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ያለውን ጀጎልን በመኪና ሳይሆን በእግር ዞርን፤ አምስቱን ጥንታዊ በሮች ለማዳረስ አንድ ቀን ሙሉ ሰጠን። በክፍል ውስጥ የአርተር ራምቦን ግጥም የተማሩ ልጆች ገጣሚው በ1880 እዚህ ለንግድ መጥቶ እንደነበር ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም። በስሙ የሚጠራው ቤት ከእሱ በኋላ የተሠራ መሆኑንም ነገርናቸው፤ እውነቱን ማወቅ ይሻላል ብለን ነው። የጅብ ምገባውን በተመለከተ ግን ከልጆቹ ይልቅ የፈሩት እናቶቻቸው ነበሩ!

ከሐረር አዋሽ በጭሮ በኩል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከሁሉም ቀን ይህ ረጅሙ ነበር፣ ሌላ ጉብኝትም አልጨመርንበትም። ማታ ቡፌ ደ አዋሽ ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። በጠዋት አባታችን ወደ ሐዲዱ መሄድ ፈለጉ። የጠፋባቸውን የሥራ ባልደረባ ስም አልነገሩንም፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆሙና ተመለሱ። ከዚያ በብሔራዊ ፓርኩ በኩል ሳላዎቹን፣ በሩቁም የፈንታሌን ተራራ እያየን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። ራሱን ያመመው ልጅ አልነበረም። የመጨረሻ ማቆሚያችን የለገሃር ሕንፃ ነበር፤ ፎቶግራፉ በሚቀጥለው ገጽ ይገኛል።

ለሦስተኛው ጉዞ ምዝገባው ተጀምሯል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በመድረሱ የአዋሹ ሌሊት የሚወሰነው ከመነሻው አንድ ወር በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቀን ነው፤ የመንገዱንም ደኅንነት እንደዚሁ። የተመዘገቡት ከ12 ስለሚበልጡ በሁለት ቡድን ተከፍለዋል። ድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁ ቤተሰቦች ስማቸውንና ሰፈራቸውን ለጸሐፊያችን እንድትሰጡ እንጠይቃለን፤ ከሰዓት በኋላ ያሉት ጊዜያት የሚደለደሉት በዚያ መሠረት ነው።