ጽናት

ደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ለቅሶ የደረሰ ክርስቲያን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ»። «ጽናት» ከግእዙ «ጸንዐ» ይመጣል፤ በረታ ማለት ነው። «ማጽናናት»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው፤ አጽናኝ ሰው ይፈልጋል።

ቃሉ ለነርሶች ሲነገር ግን ከ«ቻይነት» ጋር ይምታታል። የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር የሞተውን ሕፃን ጠቅልላ ለቤተሰቡ ታስረክባለች፤ ሰዓቱን ካርዱ ላይ ትጽፋለች፤ ጓንቷን ትቀይራለች። ከጎን ያለው አልጋ «ግሉኮሱ አልቋል» ብሎ ይጣራል። እሷን «ያጽናሽ» የሚላት የለም። ይህ መቻል እንጂ ጽናት አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደቡብ ወሎ ሲገባ የደሴ ሆስፒታል እንኳ ተዘርፏል። ባለሙያዎቹ ተመልሰው ሥራ ሲጀምሩ «ጽኑዎች» ተባሉ። ውዳሴው ደግ ነው፤ እኔ ግን የተረኛ ቁጥር ቢጨመር እመርጣለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መዛልን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ብሎታል፤ የሠራተኛው ድክመት አላለውም።

ስለዚህ ጽናት በሥራ ቦታ ሲተረጎም፦ ሞት ካለፈ በኋላ ተረኛዋን ለአሥር ደቂቃ የሚተካ ባልደረባ፣ በጠዋት ርክክብም ከበሽተኞቹ ቀጥሎ «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» የሚል ኃላፊ።