ኢሙሌተር

ኢሙሌተር ማለት አንድ ኮምፒውተር የሌላ ኮምፒውተርን ባሕርይ ይዞ፣ ለዚያ ለሌላው የተጻፉ ፕሮግራሞችን ሳይለወጡ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ሶፍትዌር ወይም ሃርድዌር ነው። ባሕርዩ የሚወሰደው ማሽን «እንግዳ»፣ ኢሙሌተሩ የሚሠራበት ማሽን ደግሞ «አስተናጋጅ» ይባላል። ለምሳሌ በ1980ዎቹ ለዶስ የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬ በተገዛ ላፕቶፕ ላይ በኢሙሌተር አማካይነት ሊከፈት ይችላል።

የኢሙሌተር ዋና አስፈላጊነት የሚመነጨው ከአንድ ቀላል እውነታ ነው። ሶፍትዌር ያለ ማሽኑ አይነበብም። አንድ አሮጌ ፋይል ከነሙሉ ይዘቱ ቢቀመጥ እንኳ የሚያነበው ማሽን ከጠፋ የቁጥር ክምር ብቻ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜና ተቀራራቢ ጽንሰ ሐሳቦች

ቃሉ የመጣው «መፎካከር» ወይም «ለመስተካከል መጣር» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። በአማርኛ «አስመሳይ» ማለት ቢቻልም፣ ይህ ቃል ስለ ሰው ሲነገር አታላይነትን ስለሚያመለክት እዚህ የውጭው ቃል እንዳለ ተወስዷል።

ኢሙሌተር ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች ይለያል።

• ሲሙሌተር የአንድን ነገር ጠባይ ለጥናት ወይም ለልምምድ የሚያሳይ ነው። የበረራ ሲሙሌተር አብራሪን ያለማምዳል እንጂ አውሮፕላኑን አይተካም። ኢሙሌተር ግን የማሽኑን ሥራ ራሱን ተክቶ ይሠራል። ይሁንና ሁለቱ ቃላት በባለሙያዎች ዘንድም አንዳንድ ጊዜ ይቀላቀላሉ።
• ቨርቹዋል ማሽን አብዛኛውን ጊዜ እንግዳውና አስተናጋጁ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲኖራቸው የሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ትእዛዞች በቀጥታ በአስተናጋጁ ፕሮሰሰር ስለሚፈጸሙ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው።
• ፕሮግራሙን ለአዲሱ ማሽን እንደገና ማዘጋጀት ሌላው አማራጭ ነው። ይህ ግን የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ ይጠይቃል። የአሮጌ ፕሮግራሞች ምንጭ ኮድ ብዙ ጊዜ የጠፋ በመሆኑ ኢሙሌተር ብቸኛው መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ታሪክ

አንድ ማሽን ሌላውን ተክቶ ሊሠራ መቻሉን በንድፈ ሐሳብ ያሳየው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ ነው። በ1936 ባቀረበው ጽሑፍ፣ የሌላ ማናቸውም የስሌት ማሽን መግለጫ ከተሰጠው ያንኑ ማሽን ሆኖ የሚሠራ «ሁለንተናዊ ማሽን» እንዳለ አስረዳ።

በተግባር ኢሙሌተር የተስፋፋው ግን በገበያ ግፊት ነው። አይቢኤም በ1959 ያስተዋወቀው 1401 የተባለ ኮምፒውተር ከ10,000 በላይ ተመርቶ በየባንኩና በየድርጅቱ ይሠራ ነበር። ኩባንያው በሚያዝያ 1964 ሲስተም/360 የተባለውን አዲስ የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ፣ አዲሶቹ ማሽኖች የ1401ን ፕሮግራሞች በራሳቸው ማስኬድ አይችሉም ነበር። ደንበኞች ደግሞ ለዓመታት ያከማቹትን ፕሮግራም እንደገና ለመጻፍ አልፈለጉም። ተፎካካሪው ሃኒዌል በ1963 መጨረሻ የ1401 ፕሮግራሞችን ወደ ራሱ ኮምፒውተር የሚያሸጋግር ዘዴ ይዞ መጥቶ ስለነበር ችግሩ አጣዳፊ ሆነ። የአይቢኤም መሐንዲሶች በሲስተም/360 ውስጥ ልዩ ማይክሮኮድ በመጨመር አዲሱ ማሽን የ1401ን ትእዛዞች እንዲቀበል አደረጉ። «ኢሙሌተር» የሚለው ቃል በኮምፒውተር ሙያ የተለመደው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ1994 አፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተሮቹን ከሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ሲያሻግር፣ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች እንዳይቋረጡ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ኢሙሌተር አካተተ። ኩባንያው በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ደግሞ ወደ ራሱ ቺፖች ሲሸጋገር «ሮዜታ» የተባሉ የትእዛዝ ተርጓሚዎችን ተጠቅሟል።

በዚሁ ዘመን በበጎ ፈቃደኞች የተሠሩ ኢሙሌተሮችም ተስፋፉ። ከታወቁት መካከል፦

• ሲምኤች፦ በቦብ ሱፕኒክ በ1993 የተጀመረ፤ እንደ ፒዲፒ-11 እና ቫክስ ያሉ ታሪካዊ ኮምፒውተሮችን የሚያስነሳ።
• ማሜ፦ በጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 የወጣ፤ በሳንቲም የሚሠሩ የጨዋታ ማሽኖችን ሃርድዌር የሚሰንድ።
• ሄርኩለስ፦ በ1999 የተጀመረ፤ የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮችን የሚተካ።
• ዶስቦክስ፦ በ2002 የወጣ፤ ለዶስ ፕሮግራሞች የሚያገለግል።
• ኪውኤሙ፦ በፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 የቀረበ፤ የበርካታ ፕሮሰሰሮችን ትእዛዝ በፍጥነት የሚተረጉም።

አሠራር

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በተደጋጋሚ ዑደት ነው። ከማኅደረ ትውስታ አንድ ትእዛዝ ያነባል፣ ትርጉሙን ይለያል፣ ይፈጽማል፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ኢሙሌተር ይህንኑ ዑደት በሶፍትዌር ይደግማል። የእንግዳው ማኅደረ ትውስታ በአስተናጋጁ ውስጥ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ይሆናል። የእንግዳው ሬጅስተሮች ደግሞ ተራ ተለዋዋጮች ይሆናሉ።

ለጀማሪዎች መማሪያ የሚመረጠው ምሳሌ ቺፕ-8 ነው። ቺፕ-8 ራሱ ሃርድዌር ሳይሆን፣ ጆሴፍ ዋይዝቤከር በ1970ዎቹ ኮስማክ ቪአይፒ ለተባለ አነስተኛ የቤት ኮምፒውተር ያዘጋጀው ቀላል የትእዛዞች ስብስብ ነው። 4,096 ባይት ማኅደረ ትውስታ፣ 16 ሬጅስተሮች፣ 35 ያህል ትእዛዞች፣ 16 ቁልፎችና በ64 በ32 ነጥብ የሚሥል ስክሪን አለው። ፕሮግራሞቹ የሚጀምሩት ከአድራሻ 512 ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ማሽን ላይ የፊተኛውን 512 ባይት የሚይዘው የቺፕ-8 አስፈጻሚ ፕሮግራም ራሱ ነበር።

እያንዳንዱ የቺፕ-8 ትእዛዝ በ16 መደብ የቁጥር አጻጻፍ በአራት አሃዝ ይጻፋል። 6312 የሚለው ትእዛዝ «በሬጅስተር 3 ውስጥ 12 አስቀምጥ» ማለት ነው። የመጀመሪያው አሃዝ 6 የትእዛዙን ዓይነት፣ ሁለተኛው አሃዝ 3 ሬጅስተሩን፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ዋጋውን ያመለክታሉ። በ16 መደብ 12 ማለት በተለመደው አቆጣጠር 18 ነው። ቀጥሎ 7305 ቢመጣ «በሬጅስተር 3 ላይ 5 ጨምር» ማለት ስለሆነ ውጤቱ 23 ይሆናል። ኢሙሌተሩ የመጀመሪያውን አሃዝ አይቶ ተገቢውን ሥራ ይመርጣል፤ 35ቱም ትእዛዞች በዚህ መልክ ከተጻፉ የፕሮሰሰሩ ክፍል ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ትእዛዞችን የማስኬጃ ሁለት ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ እያንዳንዱን ትእዛዝ በደረሰበት ጊዜ አንድ በአንድ ማንበብና መፈጸም ነው። ለመጻፍም ሆነ ስሕተት ለማረም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ለአንድ የእንግዳ ትእዛዝ በርካታ የአስተናጋጅ ትእዛዞች ስለሚያስፈልጉ ቀርፋፋ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ የእንግዳውን ትእዛዞች በቡድን በቡድን ወደ አስተናጋጁ ቋንቋ ተርጉሞ ማስቀመጥ ነው። ያው ክፍል በድጋሚ ሲፈለግ ትርጉሙ ዝግጁ ስለሆነ ፍጥነቱ ይጨምራል። ችግሩ አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራሞች እየሠሩ ሳለ የራሳቸውን ኮድ የሚለውጡ መሆናቸው ነው። በዚህ ጊዜ ኢሙሌተሩ ለውጡን ደርሶበት አሮጌውን ትርጉም መጣል አለበት፤ አለዚያ ፕሮግራሙ የሌለ ትእዛዝ ይፈጽማል።

የልማት ሂደት

ኢሙሌተር የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ የማሽኑን መመሪያዎችና የወረዳ ሥዕሎች ይሰበስባል። ቀጥሎ በማሽኑ ቺፖች ውስጥ በቋሚነት የተጻፈውን ኮድ አንብቦ ወደ ፋይል ይገለብጣል። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ክፍል ይጽፋል፤ በመጨረሻም ስክሪኑን፣ ድምፁን፣ ዲስኩንና የሰዓት ቆጣሪዎቹን ይጨምራል።

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በጥቃቅን ነገሮች ነው። በባለ 8 ቢት ሬጅስተር ውስጥ 255 ላይ 1 ሲደመር ውጤቱ 0 ይሆናል፤ በዚያው ቅጽበት «ትርፍ አለ» የሚለው ምልክት ይበራል። ውጤቱ ትክክል ሆኖ ምልክቱ ከተረሳ ፕሮግራሙ ወዲያው ላይቆም ይችላል፤ ጥፋቱ የሚታየው ከሺህ ትእዛዞች በኋላ በሌላ ቦታ ይሆናል። የባይቶች ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። 258 የሚለው ቁጥር በሁለት ባይት ሲቀመጥ በአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች 1 እና 2፣ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ግን 2 እና 1 ሆኖ ይጻፋል።

መመሪያዎች ሁሉንም ነገር አይናገሩም። በ1975 የወጣው 6502 ፕሮሰሰር ሊኖሩት ከሚችሉት 256 የትእዛዝ ቁጥሮች ውስጥ በይፋ የተገለጹት 151 ብቻ ነበሩ። የቀሩትም ግን አንዳንድ ሥራ ይሠሩ ስለነበር በእነሱ የተጠቀሙ ፕሮግራሞች አሉ። እንዲህ ያለውን ምስጢር ለመፍታት ተመራማሪዎች የ6502ን ቺፕ ገላልጠው ፎቶግራፍ በማንሣት፣ 3,500 ያህል ትራንዚስተሮቹን ከነግንኙነታቸው በሶፍትዌር ደግመዋል።

በዚህም ምክንያት ገንቢዎች የኢሙሌተሩን ውጤት ከእውነተኛው ማሽን ጋር ያመሳክራሉ። ለማመሳከር ደግሞ ቢያንስ አንድ የሚሠራ ማሽን መኖር አለበት። ያ ማሽን ከተበላሸ በኋላ የሚጻፍ ኢሙሌተር ትክክል ስለመሆኑ ማረጋገጫ አይኖረውም።

ጊዜና ትክክለኛነት

ፍጥነት ሲጨምር ሁሉ ነገር ይሻላል ማለት አይደለም። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጨዋታ ጠላቶቹ ባለቁ ቁጥር ይፈጥናል፤ ይህም የሆነው ፕሮሰሰሩ የሚሥለው ነገር ስለሚቀንስለት ነው። ኢሙሌተሩ የዘመኑን ኮምፒውተር ፍጥነት እንዳለ ቢለቀው ጨዋታው መጫወት የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ የእንግዳውን የሰዓት ምቶች እየቆጠረ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ድምፁ እኩል እንዲራመዱ ያደርጋል።

እያንዳንዱን ምት በትክክል መከተል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በ1990 የወጣው ሱፐር ኒንቴንዶ ፕሮሰሰሩ ከ3.58 ሜጋኸርዝ አይበልጥም ነበር። ከ20 ዓመታት በኋላ ግን በጣም ትክክለኛ የሆነው ኢሙሌተሩ 3 ጊጋኸርዝ ገደማ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ይፈልግ ነበር። አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ብቻ ማስኬድ የሚፈልጉ ኢሙሌተሮች በግምት ስለሚሠሩ በጣም አነስተኛ በሆነ ማሽን ላይ ይበቃሉ።

ለቅርስ ጥበቃ ያለው ጥቅም

በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የብሪታንያው የዶምስዴይ ፕሮጀክት ነው። ንጉሥ ዊልያም ቀዳማዊ በ1086 ያስጻፈው የመሬትና የሀብት መዝገብ 900ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ቢቢሲ በ1986 የአገሪቱን ሕዝብ ሕይወት የሚያሳይ አዲስ መዝገብ አዘጋጀ። ተማሪዎችን ጨምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ጽሑፍና ፎቶግራፍ አበረከቱ። ሥራው በሌዘር ዲስኮች ላይ ተቀረጸ፤ ዲስኮቹን የሚያነበው ግን ቢቢሲ ማስተር የተባለ ኮምፒውተር ከልዩ ማጫወቻ ጋር ብቻ ነበር። መሣሪያው ውድ ስለነበር ብዙም ሳይሰራጭ ከገበያ ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲያልፍ የሚሠራ መሣሪያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ፤ በብራና ላይ የተጻፈው የ1086 መዝገብ ግን አሁንም ይነበባል። በ2002 የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ፕሮጀክት መዝገቡን በኢሙሌተር በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ ማስከፈት እንደሚቻል አሳየ።

ሌላው ምሳሌ ካፕኮም በ1990ዎቹ ያወጣቸው ሲፒኤስ-2 የጨዋታ ሰሌዳዎች ናቸው። የፕሮግራሙ የምስጠራ ቁልፍ በባትሪ በሚጠበቅ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ጠፍቶ ማሽኑ ሥራ ያቆማል። ምስጠራው በተመራማሪዎች ባይፈታ ኖሮ ጨዋታዎቹ ከባትሪዎቹ ጋር ይጠፉ ነበር።

ከአማርኛ ጽሑፍ ጋር ያለው ግንኙነት

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እንደ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች ፊደሎቹን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ የፎንት ሰንጠረዥ ከ256 በላይ ምልክት ስለማይዝ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን አቀማመጥ ይከተል ነበር። በዚህ ምክንያት በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ፣ መጽሐፍ ወይም የጥናት ወረቀት ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ለአንዳንዶቹ ፎንቶች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። መቀየሪያ የሌለውን ሰነድ ግን የዘመኑን ዶስ ወይም ዊንዶውስ በኢሙሌተር አስነሥቶ፣ የተጻፈበትን ሶፍትዌርና ፎንት በመጫን በመጀመሪያው መልኩ ማየት ይቻላል። ለዚህ የሶፍትዌሩ መጫኛ ዲስክም መቀመጥ አለበት። ፍሎፒ ዲስክ ላይ ያለው ማግኔታዊ ጽሑፍ በጊዜ ብዛት ስለሚደክም፣ ሰነዱን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን በሙሉ ወደ ፋይል መገልበጥ ይመከራል።

የሕግ ጉዳዮች

በአሜሪካ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2000 በሶኒና በኮኔክቲክስ መካከል በነበረው ክርክር፣ ኢሙሌተር ለመሥራት ሲባል የማሽኑን ውስጣዊ ኮድ ገልብጦ ማጥናት በተገቢ አጠቃቀም ሥር እንደሚወድቅ ወስኗል። የተጠናቀቀው የኮኔክቲክስ ምርት የሶኒን ኮድ በውስጡ አልያዘም ነበር። ይህ ማለት ግን በኢሙሌተሩ ላይ የሚከፈቱት ጨዋታዎችና ስርዓተ ክወናዎች በነጻ ይባዛሉ ማለት አይደለም፤ እነሱ በቅጂ መብት የተጠበቁ ናቸው። በኢትዮጵያም የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው።

ውስንነቶች

ኢሙሌተር የማሽኑን ሥራ ይተካል እንጂ የቁሱን ጠባይ ሁሉ አይመልስም። የአሮጌው ስክሪን ብርሃን፣ የኪቦርዱ ክብደትና የማጫወቻው ድምፅ በፕሮግራም ውስጥ አይገቡም። ከዚህም ሌላ ኢሙሌተር ራሱ ሶፍትዌር ስለሆነ ያረጃል። የዛሬው አስተናጋጅ ነገ እንግዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ኢሙሌተሮች ምንጭ ኮዳቸው ክፍት ሆኖ በየጊዜው ወደ አዳዲስ ማሽኖች ካልተሸጋገሩ የሚጠብቁት ሥራም አብሯቸው ይጠፋል።