ከበሮ ለመማር ለሚጀምሩ፦ ከእጅ በፊት ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከበሮ በቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር ለምስጋና የሚውል ንዋየ ማኅሌት ነው። የሙሴ እኅት ማርያም እስራኤል ባሕረ ኤርትራን ከተሻገሩ በኋላ ከበሮ ይዛ እግዚአብሔርን አመስግናለች (ዘፀ. 15፥20)። መዝሙረ ዳዊትም በከበሮ እንድናመሰግን ያዝዘናል (መዝ. 150፥4)። ዛሬም በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ብዙ ወጣቶች ይህን አገልግሎት ይመኛሉ። ምኞታቸው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎች ከዜማው ይልቅ ከምቱ ስለሚጀምሩ አገልግሎቱን ሳይረዱት ይቀራሉ። ከበሮ የዜማ አገልጋይ እንጂ ጌታ አይደለምና።

አሠራሩና ምሥጢሩ

ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ይሠራል። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሁለቱም በቆዳ ተሸፍነው በጠፍር ይወጠራሉ። አካሉ ጨርቅ ይለብሳል፤ በትከሻ የሚያዝበት ማንገቻም አለው።

ሊቃውንቱ እንደሚያስተምሩት ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው። ጨርቁ ጌታችን በመከራው ጊዜ የለበሰውን ልብስ፣ ጠፍሩ የግርፋቱን ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ፣ መመታቱም የተቀበለውን መከራ ያሳስባል። ይህን የተረዳ አገልጋይ ከበሮን እንደ መጫወቻ አያነሣውም።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል

በአብነት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚጠናው በአቋቋም ትምህርት ነው። ሥርዓቱ ራሱ ለጀማሪ መንገድ ያሳያል። ቁም ዜማ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ዝማሜ በመቋሚያ ይመራል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት በመረግድ ነው፤ ጽፋት ደግሞ ፈጠን ይላል። ከበሮው የሚሰማው ድምፁና መቋሚያው መንገዱን ካቀኑ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ስለዚህ ጀማሪው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ መዝሙሩን ወይም ወረቡን በቃሉ ይያዝ። ዜማው የት እንደሚረዝም፣ የት እንደሚያርፍ ያላወቀ እጅ ከሌሎች በኋላ ይከተላል፣ አለዚያም ቀድሞ ይሮጣል።

ሁለተኛ፣ ከበሮውን ሳይነካ ምቱን በጭብጨባ ወይም በጉልበቱ ላይ እየመታ ይለማመድ፤ አፉ እየዘመረ እጁ ሳይስት ሲቀር ወደ ከበሮው ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ድምፆች ይለይ። ሰፊው አፍ ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። እያንዳንዱን ለብቻው በዝግታ ሳያጠራ ሁለቱን አያፈራርቅ፤ ፍጥነት በመጨረሻ ይመጣል።

አራተኛ፣ ከሌላው መቺ ጋር መናበብን ይማር። በማኅሌት ሁለት መቺዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ እንደ አንድ እጅ ሊሰሙ ይገባል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ

ከሁሉ በፊት ቃሉ እንዳይዋጥ እንጠንቀቅ። ምእመናን የሚዘመረውን መስማት ካልቻሉ የከበሮው ጉልበት አገልግሎቱን ጎድቶታል። ዜማውን የሚያፈጥነውና የሚያዘገየውም መሪው እንጂ መቺው አይደለም። ከዘፈን የተለመደን ምት ወደ መዝሙር ማስገባትም የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ጠባዩን ያሳጣዋል። መምህር በቅርብ የማይገኝባቸው፣ በተለይም በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ወጣቶች ከተንቀሳቃሽ ምስል መማራቸው አይነቀፍም፤ የተማሩትን ግን አቋቋም ለሚያውቅ አባት አሰምተው ቢታረሙ ይሻላል።

ማረፍን ማወቅም የትምህርቱ ክፍል ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ምስጋናው በድምፅና በመቋሚያ ይቀጥላል። ይህ ከበሮ ባይኖርም ዜማ እንደሚኖር በየዓመቱ ያስተምረናል።

ንዋዩንም እንጠብቅ። ቆዳ በእርጥበት ይላላል፣ በሙቀት ይወጠራል፤ ስለዚህ ከእርጥበትም ከብርቱ ፀሐይም አርቀን፣ በተወሰነለት ቦታ እናስቀምጠው፤ አንቀመጥበት፣ ዕቃም አንጫንበት።

እንግዲህ ከበሮ ለመማር የምትሹ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ አስቀድማችሁ ዜማውን አድምጡ፤ በልባችሁ ያደረው ምስጋና በእጃችሁ ይሰማልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።