የብራና ቅርስና የቅጂው ማደሪያ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ዲጂታል መዝገብ

የቤተ መዘክርና የቤተ መጻሕፍት ቅርሶችን በዲጂታል ዘዴ የማንሣትና የማሰራጨት ሙያ ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ስለ ካሜራውና ስለ ኮምፒዩተሩ ብዙ ሲነገር ቅጂው የት የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ከሁሉ ሊቀድም የሚገባው ይኸው ጥያቄ እንደሆነ የደብረ ታቦርና የአካባቢው ታሪክ ያስረዳል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ መጻሕፍትን የሚጠብቅበት ጥንታዊ ሥርዓት ነበረው። በጋይንት ቤተልሔም፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው ደብር፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ዜማውን ከማጥናቱ ጋር የራሱን ድጓ በብራና ጽፎ፣ ምልክቱንም ከመምህሩ መጽሐፍ ጋር አመሳክሮ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ስለሆነም አንዱ ደብር ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ ድጓው ከነምልክቱ በሌላ ደብር ይገኛል። መጽሐፉን የጠበቀው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የቅጂው መበተንም ጭምር ነው።

የዚህ ተቃራኒ በ19ኛው መቶ ዘመን ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ በኅዳር ወር 1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወሰዱ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ከተማቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታስበው በአምባው የተከማቹት መጻሕፍት ወደ አንድ ሺህ ይጠጉ ነበር። ሐሳቡ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ቢሆንም የብዙ አድባራት ሀብት በአንድ አምባ ላይ በመሰብሰቡ አደጋውም አንድ ላይ ተሰበሰበ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም በሐራጅ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ በጻፉ ጊዜ ሙዚየሙ አንዱን መልሶ ላከ። ይህ የሆነው በእጁ ሁለት ቅጂ ስለነበረው ነው። ሁለተኛ ቅጂ የሌለው መጽሐፍ ግን በዚያው ቀረ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ድርጅት ሲቋቋም የቀድሞው የመበተን ሥርዓት በአዲስ መሣሪያ ተመለሰ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል፤ ዝርዝር የሌለው ሥዕል ተፈልጎ የማይገኝ ነውና። የፊልሙ ጉድለት አብዛኛው ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነበር። በቀይ ቀለም የሚጻፈው የአምላክና የቅዱሳን ስም ከጥቁሩ ጽሕፈት በግልጽ አይለይም።

የዲጂታል ዘዴ ይህን ጉድለት ያርማል። ገጹ ከቀለም መለኪያና ከማስመሪያ ጋር ይነሣል። የምስሉ ጥራት የሚለካው በዋናው ጽሕፈት ሳይሆን ከበላዩ በደቃቅ ፊደል በተጻፈው የድጓ ምልክት ነው፤ ይዘትና ድፋት ተለይተው ካልተነበቡ ሥራው እንደገና መሠራት አለበት። ዋናው ፋይል ሳይጨመቅ ይቀመጣል። ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ የማረጋገጫ ቁጥርም ይመዘገብለታል፤ ወደፊት ቁጥሩ እንደገና ሲሰላ ከተለወጠ ፋይሉ መበላሸቱ ይታወቃል። ነገር ግን የተበላሸውን የሚተካው ቁጥሩ ሳይሆን ሌላ ደኅና ቅጂ ነው።

ይህም በቅርቡ በተግባር ታይቷል። የመቅደላ መጻሕፍት በኋላ የተላለፉለት የብሪቲሽ ላይብረሪ ከእነርሱ አያሌዎቹን በዲጂታል አንሥቶ በኢንተርኔት ለዓለም አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የኮምፒዩተር ወንጀለኞች ጥቃት ባደረሱበት ጊዜ ብራናዎቹ ከመደርደሪያቸው ሳይነቃነቁ ምስሎቻቸው ለረጅም ወራት ከአንባቢ ተሰወሩ። ከጎንደር አድባራት የወጣውን መጽሐፍ ጎንደር ሆኖ ለማንበብ የተከፈተው በር የአንድ ቤት በር ነበርና በአንድ ቀን ተዘጋ።

ስለዚህ የዲጂታልን ሙያ የሚማር ባለሙያ ካሜራ ከመያዙ በፊት የቅጂዎቹን ማደሪያ መወሰን ይኖርበታል። በሙያው የታወቀው ደንብ ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ያዛል። በደቡብ ጎንደር ሁኔታ በዚህ ላይ አንድ ግዴታ ሊታከል ይገባል፤ ይኸውም ከቅጂዎቹ አንዱ ከነዝርዝሩ መጽሐፉ በተነሣበት ደብር በገበዙ እጅ እንዲቀር፣ ገበዙም ከፍቶ እንዲያነበውና ደኅንነቱን እንዲመረምር እንዲሠለጥን ነው። ምስሉን አንሥቶ ለባለቤቱ ሳያስቀር የሚሄድ፣ በጎ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ፣ መጽሐፉን ዳግመኛ ከደብሩ ያርቀዋል። የቤተልሔም ተማሪዎች በቀለምና በብራና የፈጸሙትን የዘመኑ መሐንዲስ በዲስክና በመረጃ መረብ ሊፈጽመው ይችላል።