የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ በማን መዝገብ ላይ ነው?

ዕቃ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። የማኅበራችንን ሂሳብ የምንይዝ ሴቶች ስለ መቅደላ ዝርፊያ ስናነብ ትዝ የሚለን ይኸው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ተደርጎ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሽያጩ ገዢም ሻጭም ሂሳብም ነበረው፤ የጎደለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ከሄደው ሁሉ እኛን የያዘን አንድ ቀሚስ ነው። ከጥጥ የተሠራ፣ በሐር ክር የተጠለፈ ሲሆን ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ እንደነበረ ይታመናል። እቴጌ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ አባታቸውን ድል አድርጎ ያሰረውን ንጉሥ አገቡ። ከመቅደላ በኋላ የ7 ዓመት ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በግንቦት ወር ትግራይ ውስጥ አረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን ወሰዱት። በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ፤ አፅሙ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. እምቢ ብሏል። የእናቲቱን ታሪክ ግን የሚያነሳ ብዙ አናይም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና ኩርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለስላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ መጣ። ሥዕሉን የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ስለነበር አልመጣም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ መወሰዳቸው እንዳሳዘናቸው በፓርላማ ተናግረው ነበር። ጸጸቱ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ፤ ዕቃው ግን እዚያው ቀረ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ለንደን ሲሄዱ ለንግሥት ዘውዲቱ አንድ ዘውድ ተሰጣቸው። ሙዚየሙ ከነበሩት ሁለት ዘውዶች የተመለሰው በወርቅ የተቀባው የብሩ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላሠሯት ለቁስቋም ማርያም እንደተሰጠ የሚታመነው የወርቁ እስከ ዛሬ እዚያ አለ። በ1994 ዓ.ም. ከኤድንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ታቦት ሲመለስ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው።

መቅደላ 150 ዓመት በሞላው በ2010 ዓ.ም. ሙዚየሙ ዕቃዎቹን ለእይታ አቀረበ። ዳይሬክተሩ ትሪስትራም ሀንትም ኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ልትወስዳቸው እንደምትችል ተናገሩ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የማኅበራችን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ሳህን ለለቅሶ ሲወጣ ተዋሹ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ «ዕቃው የማኅበሩ ነው፣ እኔ መላሽ ነኝ» ማለት ነው። ኢትዮጵያም ለቀሚሱ የውሰት ወረቀት ብትፈርም ባለቤቷ ተዋሽ፣ ወሳጁ አዋሽ ይሆናል። የእንግሊዝ የ1983 እ.ኤ.አ. ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የሙዚየሙ ባለአደራዎች ዕቃ ከመዝገብ እንዳይሰርዙ ይከለክላል ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ሊቀይረው ይችላል።

በወርሃዊ ስብሰባችን ይህን ስናነሳ ሁላችንም አንድ ሐሳብ አልነበረንም። ከእናቶች መካከል «በውሰትም ይምጣ፣ ልጆቻችን ይዩት፤ ከመጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል!» ያሉ አሉ። ሳቅን እንጂ አልተስማማንም። ፈርሞ መካድ ለሂሳብ ሰው ይከብዳል፤ ደግሞም የገዛ ንብረታችንን ለማግኘት ብልጠት ለምን ያስፈልገናል?

ያለ ውሰት የመጣም አለ። ኔዘርላንድስ የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋው ከጨለቆት ሥላሴ የተሰረቀ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘውድ እጃቸው ሲገባ ከ20 ዓመት በላይ ጠብቀው በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገር አስረከቡ። ጨለቆት እቴጌ ጥሩወርቅ ያረፉበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ የደረሰ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ ጋ ደርሷል ማለት እንዳልሆነ እኛ አዲስ አበቤዎች ልናስብበት ይገባል።

የእቴጌ ጣይቱን አልባሳት ለማየት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦ ማርያም ሙዚየም መውጣት ይበቃናል። የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ ግን ያገኘነው በፎቶግራፍ ነው። አትመን ጥልፍ ለሚሠሩ አባሎቻችን አሳየናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት፤ በጣታቸውም ተከተሉት። ክሩ ከየት ተነስቶ የት እንደታሰረ ለማወቅ «ገልብጡትና ውስጡን አሳዩን» አሉን። ፎቶግራፉ ውስጡን አያሳይም።