የባሮ ክረምትና የቡና መኸር፦ የወለጋ ከተሞች የዱቤ ሱቆች

የድሮው ሱቅ በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ሰውየው ነው። ከባንኮኒው ኋላ የሚቀመጠው የመናዊ፣ ወይም በኋላ ቦታውን የያዘው ጉራጌ፣ ሚዛን የማያጎድል፣ ለተላከ ልጅ ከረሜላ የሚመርቅ፣ «ሲኖርህ ትከፍላለህ» የሚል ደግ ሰው ሆኖ ይወራለታል። ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ትዝታም አለ፤ በእሱ ውስጥ ባለ ሱቁ ገበሬውን በዕዳ ጠፍንጎ ቡናውን በርካሽ የሚዘርፍ መዥገር ነው። ሁለቱም ዓይነት ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም። ሁለቱም ትዝታዎች ግን ዱቤን የጠባይ ጉዳይ አድርገውታል፤ አንዱ ለርኅራኄ፣ ሌላው ለስስት ይሰጠዋል። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የወለጋ ሱቅ በዱቤ ይሸጥ የነበረው ዕቃ የሚገባበት ወርና ገንዘብ የሚገኝበት ወር አንድ ስላልነበረ ነው። ባለ ሱቁ በዋናነት ይሸጥ የነበረው ጊዜን ነው ማለት ይቻላል፤ ጨውና አቡጀዲው ከጊዜው ጋር ተያይዘው የሚወጡ ነበሩ።

ይህን ለማየት ከሱቁ በፊት የነበረውን ንግድ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ «ንግድን ወደ ወለጋ ያመጡት የውጭ ሰዎች ናቸው» የሚለው አባባል ከማስረጃው ጋር አይሄድምና። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጉድሩ አሰንዳቦ፣ በሌቃ ደግሞ ቢሎ ከጎጃሙ ባሶ ገበያ በዓባይ በኩል የሚወርደውንና ከጅማና ከከፋ አቅጣጫ የሚወጣውን ቅፍለት ያገናኙ የነበሩ ገበያዎች ናቸው። ከሰሜን ጀበርቲው፣ ከኦሮሞው አፍቃላ የሚባለው ነጋዴ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ፣ ቡናና፣ መሸሸግ የማይገባው፣ ባሪያ ይለዋወጡ ነበር። የመገበያያው ገንዘብ አሞሌ ጨው ነበር፤ ከአፋር በረሃ እስከዚያ ድረስ ሲጓዝ ዋጋው እየወጣ ይሄዳል፣ ጫፉ የተሸረፈው ግን ይወርዳል፣ ስለዚህ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ የተዋጉት አንዱ ምክንያትም ይኸው የምዕራብ ሀብት መግቢያ በማን እጅ ይሁን የሚለው ነበር። የነቀምቱ ገዥ ሞሮዳ በከሬ ከምኒልክ ወገን መሆኑን ከመረጠ በኋላም፣ ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ከተባለ በኋላም፣ ከነቀምት ወደ ቤተ መንግሥት የሚሄደው ግብር በዋናነት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎቹ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ ያሰባሰቧቸው የወለጋ ደብዳቤዎች ይህን ግብር የማዋጣቱን ጭንቀት ያሳያሉ። በዚህ ዓይነት ንግድ ውስጥ ለዱቤ ሱቅ ብዙ ቦታ የለም። ወርቅና ጥርስ የመኳንንት ዕቃ ነው፤ ቅፍለቱ በበጋ ይመጣል፣ ዓባይ ሲሞላ ይቆማል፣ ተራው ገበሬ ደግሞ በሳምንታዊው ገበያ ያለውን በያዘው ለውጦ ይመለሳል።

ነገሩን የለወጡት ቡናና ጋምቤላ ናቸው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምኒልክ ለእንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ የወንዝ ግንባርና ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የቄለምና የኢሉባቦር ቡና በካርቱም በኩል መውጣት፣ የማንቸስተር ጨርቅና ጨው በዚያው በኩል መግባት ጀመረ። ግሪኮች መጡ፣ እንደ ሃሲብ ኢድሊቢና ማጂድ አቡድ ያሉ ሶርያውያን በጎሬና በጋምቤላ መካከል ስም አወጡ። የጋምቤላን ንግድ ያጠኑት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሰዎቹ ይልቅ ወንዙ ይበልጣል። ባሮ መርከብ የሚያስኬደው ክረምት ሲገባ ሞልቶ እስከ ጥቅምት ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ቡና ደግሞ የሚቀላውና የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ ደርቆ ተፈልፍሎ ለገበያ እስኪደርስ ጥርና የካቲት ይገባል። እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ዕቃው በመርከብ ሲደርስ ገበሬው ጎተራው የተሟጠጠበት፣ እጁ ባዶ የሆነበት ክረምት ነው። ቡናው ሲደርስ ወንዙ ጎድሏል፤ የሚቀጥለው ክረምት እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰው ገዝቶ፣ አስቀምጦ፣ ገንዘቡን አስሮ መጠበቅ አለበት። በዚህ ክፍተት መካከል የሚቆም ሰው ካልተገኘ ጋምቤላ የወንዝ ዳር ባዶ መጋዘን ሆኖ በቀረ ነበር።

ባንክ ሊቆም ይችል ነበር የሚል ይኖራል። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በእርግጥ በጎሬ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላም ወኪል ነበረው። ነገር ግን ባንኩ የሚያውቀው ላኪውንና አስመጪውን ነው፤ ከጊምቢ ማዶ አሥር ዛፍ ቡና ያለው ሰው የሚያስይዘው ርስት ወረቀት የለው፣ ፊርማውን የሚያውቅለት የለም። ገንዘቡም ቢሆን በዚያ ዘመን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ ከባድ፣ በበቅሎ የሚጫን፣ በመንገድ የሚዘረፍ። ስለዚህ ብድሩ ከባንኩ ወደ ላኪው፣ ከላኪው በዕቃ መልክ ወደ ከተማው ነጋዴ፣ ከእሱ ወደ ትንሹ ሱቅ፣ ከሱቁ ደግሞ በአንድ ጣቃ አቡጀዲ፣ በአንድ ቆርቆሮ ላምባ መልክ ወደ ገበሬው ቤት ይወርዳል። ቡናው በዚያው መሰላል ተመልሶ ይወጣል። የመናዊው ባለ ሱቅ የሚታወሰው የዚህ መሰላል የታችኛው እርከን ላይ ስለቆመ ነው፤ ከእሱ በላይ ያሉትን ገበሬው አይቷቸው አያውቅም።

የዱቤ ደብተሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ወይም ግማሽ ገጽ ይመደባል፤ ከላይ ስሙ ከነአባቱ፣ ስም ሲመሳሰል ደግሞ መንደሩ ይጻፋል። ከሥሩ ዕቃው፣ መጠኑ፣ ዋጋው። ሲከፈል ይሠረዛል፣ ሳያልቅ የቀረው ወደ አዲስ ገጽ ይሻገራል። የመናዊው በዐረብኛ፣ ሌላው በአማርኛ ይጽፈው ይሆናል፤ ተበዳሪው ብዙውን ጊዜ ማንበብ ስለማይችል የማስታወስ ሥራ የሁለቱም ነበር። መያዣ የለም፣ ውል የለም፤ ያለው ሰውየውን የሚያውቅ ሌላ ሰውና በገበያ ቀን የማያስቀር መንገድ ነው። ከሱቁ በረንዳ ላይ ሲንጀር ዘርግቶ የሚሰፋው ልብስ ሰፊም ከጌጥነት ያለፈ ሥራ ነበረው፤ ጨርቁን በዱቤ የወሰደ ሰው ልብሱን እዚያው ያሰፋል፣ ማን ለሠርግ እንደተዘጋጀ፣ ማን በሬው እንደሞተበት፣ የማን ማሳ ቡና ዘንድሮ እንዳፈራ ወሬው እዚያ ይሰማል። ዛሬ ባንኮች ለብድር መረጃ ብለው የሚሰበስቡትን ያህል ነገር በዚያ በረንዳ ላይ ያለ ቅጽ ይሰበሰብ ነበር።

አሁን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል። ዱቤውን የፈጠረው ወንዙ ከሆነ፣ ወንዙ ከንግዱ ሲወጣ ዱቤው ለምን አልሞተም? ጣሊያኖች መንገዱን ከአዲስ አበባ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት ዘረጉ፤ ከነጻነት በኋላ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና ጭኖ በሁለት አቅጣጫ ይመላለስ ጀመር፤ ጋምቤላም ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች፣ የንግድ ክብሯ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። የነቀምት ባለ ሱቅ ከእንግዲህ ዕቃውን ከመርካቶ በሳምንት ያስመጣል። ሆኖም ደብተሩ ወፈረ እንጂ አልቀጠነም። መልሴ ወንዙ የክፍተቱ ግማሽ ብቻ ነበር የሚል ነው። ሌላው ግማሽ ቡናው ነው፤ መኪና መጥቶም ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው። ከዚያ ይልቅ አስገራሚው የወጪው ወር ነው። መስቀል በወለጋ የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፤ በሬ ይታረዳል፣ ልጅ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚያው ወር ነው፤ ደብተር፣ እርሳስ፣ ጫማ ይፈለጋል። ሁለቱም ቡናው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፍ ላይ ሳለ፣ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ይደርሳሉ። ትምህርት ቤቶች ሲበዙ የመስከረም ዱቤም አብሮ በዛ። ክርክሩ የሚሻሻለው እዚህ ላይ ነው፦ ወንዙ ዱቤውን ጀመረው፣ መኸሩ ግን አቆየው።

የብዝበዛው ክስ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዱቤ ዋጋ ነበረው፤ «ወለድ» የሚል ቃል በደብተሩ ላይ ባይጻፍም እንኳ የዱቤው አቡጀዲ ከእጅ በእጁ ይወደድ ነበር። በክረምት የቸገረው ሰው ቡናውን ዛፉ ላይ ሳለ ሲሸጥ የሚቀበለው ዋጋ የጥር ዋጋ አልነበረም፤ ይህ አራጣ ቢባል የሚያስቆጣ አይመስለኝም። ከዚህ ሰፋ ያለውን ክስ ደግሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከማንም ቀድመው አቅርበውታል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ አገር ውሎ አድሮ የሌላው ጥገኛ እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። በወለጋ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የነበረው ነገር የእሳቸውን ሐሳብ ይደግፋል፤ የሸማኔው ጋቢና የአንጥረኛው ዕቃ ከውጭ ጨርቅና ብረታ ብረት ጋር የተፎካከረው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ግን ዱቤውን ከዚህ ጥፋት ጋር አንድ ማድረግን ነው። ውድ ዋጋ የሚመጣው አበዳሪው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ሁለት ሦስት ሱቅ በተፎካከሩበት ከተማ ገበሬው ከአንዱ ተጣልቶ ወደ ሌላው መሄድ ይችል ነበር፤ ባለ ሱቁም ይህን ስለሚያውቅ ነው ከረሜላውን የሚመርቀው። ደግነቱ ከውድድሩ ጋር ጥቂት ዝምድና ነበረው ብንል የድሮውን ሰው ማሳነስ አይሆንብንም።

የዚህ ሐሳብ ትክክለኛ መፈተኛ የደርግ ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ዕቃው ሳይጠፋ ባለ ሱቁ ብቻ ከመካከል እንዲወጣ ተሞክሯል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል ለችርቻሮ ከ200,000፣ ለጅምላ ከ300,000 ብር እንዳያልፍ ወሰነ። በብዙ ከተሞች ከየመናውያኑ አብዛኞቹ በእነዚህ ዓመታት ሱቃቸውን ትተው ወጡ። ሟቹ የታሪክ ተመራማሪ ሁሴን አሕመድ የደሴን ማዘጋጃ ቤት መዛግብት አገላብጠው እነዚህ ሰዎች በአንድ የኢትዮጵያ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ሥር ሰድደው እንደነበር አሳይተዋል፤ ለነቀምትና ለደምቢ ዶሎ ተመሳሳይ ሥራ ቢሠራ ምንኛ በጠቀመ። በቦታቸው የቀበሌ ሱቅ መጣ፤ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ በቤተሰብ ቁጥር ልክ በካርድ ይታደል ጀመር። ዋጋው ከገበያ የረከሰ፣ ለሁሉም እኩል ነበር፤ በዚህ ረገድ ካርዱ ከደብተሩ ፍትሐዊ ነበር ብሎ መመስከር ይገባል። ነገር ግን ካርዱ የሚፈቅደው መግዛትን እንጂ ማዘግየትን አይደለም። በነሐሴ የስኳር ወረፋው ደርሶት ሳንቲም የሌለው ሰው ድርሻው ያልፈዋል፣ ወይም ካርዱን ላለው ጎረቤት ያውሰዋል። ዕቃው ርካሽ ሆኖ ሳለ ሰው መግዛት ያቃተው ያን ጊዜ ነው። ዱቤው ታዲያ የት ሄደ? ወደ ጓሮ ገባ፦ ወደ ጠላ ቤት፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ ዕቁብ፣ ያለ ፈቃድ ሸቀጥ ወደሚያዞረው ሱቅ በደረቴ። ባለ ሱቁ ጠፍቶ ዱቤው መቅረቱ ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የባለ ሱቁ ጠባይ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ሱቅ ሲመለስ ደብተሩም አብሮ ተመለሰ፤ «ዱቤ ዛሬ የለም ነገ» የሚለው ማስታወቂያም ተሰቀለ፣ ማስታወቂያው ሥር ግን ዱቤ ተሰጠ። ገበሬዎች ማኅበርና ዩኒየን መሥርተው ቡናቸውን በቀጥታ ለመላክ መቻላቸው የመሰላሉን የላይኛውን እርከኖች በእርግጥ አሳጥሯል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር «መላ» ብሎ በስልክ ያለ መያዣ ማበደር ጀመረ። ሱቁን ለማስቀረት ከቀበሌው ካርድ የተሻለ ዕድል ያለው ይህ ይመስላል። ሆኖም ስልኩ የሚያውቀው በእሱ በኩል ያለፈውን ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ቡናው በሚሸጥበት ወቅት ብቻ የሚንቀሳቀስ የቡና ገበሬ ብድሩን አጥብቆ በሚፈልግበት በመስከረም ለስልኩ እንግዳ ነው። ብድሩ ቢሰጠው እንኳ የመክፈያው ቀን የሚቆጠረው ከተበደረበት ዕለት ጀምሮ ነው። የባለ ሱቁ ደብተር ላይ የመክፈያ ቀን አይጻፍም ነበር፤ ቡናው እስኪደርስ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታልና።